የሥራ ገበያውና የዕድራችን መዝገብ

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የወንዱና የሴቷ እንጀራ እንዴት እንደተለዋወጠ



እኛ ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት በጽሕፈት ሥራ ጨርሰን አሁን በጡረታ ላይ እንገኛለን። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የሊቅ ጽሑፍ አይደለም። በዓይናችን ያየነውንና ከታሪክ ያገኘነውን አንድ ላይ አድርገን ለጠቅላላ ጉባኤው ውይይት እንዲረዳ ያቀረብነው ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን አምና በክረምት በሠፈራችን የደረሰው ነገር ነው። ከገጠር መጥታ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ፣ ከጓደኞቿ ጋር ለአራት በተከራዩት ክፍል ውስጥ ታማ ሞተች። አከራይዋ እማማ ወደ ዕድራችን ዳኛ መጥተው «ድንኳን ስጡን» ቢሉ፣ ደንቡ ሲታይ ልጅቱ አባል አይደለችም፤ የአባል ቤተሰብም አይደለችም። አከራይዋ ዕድርተኛ ቢሆኑም ተከራይ በቤተሰብ አይቆጠርም። ነገሩ ሲያከራክር ውሎ በመጨረሻ ድንኳኑ በውሰት ወጣ፤ ጡሩምባ ግን አልተነፋላትም። አስከሬኗን ወደ አገሯ ለመላክ ገንዘብ ያዋጡት አብረዋት የሚሠሩት ልጃገረዶች ናቸው። እኛም ከዳር ቆመን አየን።

በማግሥቱ የዕድሩን መዝገብ ገልጠን ስናይ አንድ ነገር ከነከነን። ከጥቂት ባል የሞተባቸው እናቶች በቀር፣ በአባልነት የተጻፈው ከዳር እስከ ዳር የወንድ ስም ነው። «ሥራ» በሚለው ዓምድ ሥር የባቡር ሠራተኛ፣ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ግንበኛ፣ መምህር፣ ነጋዴ ይላል። በሚስቶች በኩል ሲመጣ ግን አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ «የቤት እመቤት»። ለመሆኑ ከተማችን በእውነት በዚህ መዝገብ እንደተጻፈው ኖራ ታውቃለች ወይ? እስቲ ከሥሩ እንየው።

«ሥራ ያዘ» የሚባለው ማን ነበር?

አገሩ ከባቡሩ በፊት የኦሮሞ አርቢና ገበሬ አገር ነበር። አዳማ የሚለው ስምም «አዳሚ» ከሚባለው ቁልቋል የመጣ ነው ይባላል። በዚያ ኑሮ ወንዱ ከብቱን ያግዳል፤ ወተቱና ቅቤው ግን በሴቷ እጅ ነበር። ቅቤውን ገበያ አውጥታ የምትሸጠውም እሷ፣ በገንዘቡም የምታዘው እሷ ነበረች። ሁለቱም ይሠሩ ነበር፤ አንዱ «ሠራተኛ» ሌላዋ «ተጧሪ» የሚባል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ባቡር መጣ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዳማ ከተማ የሆነችው በዚሁ ሐዲድ ነው። ባቡሩ የቀጠረው ወንዶችን ነበር፤ ሐዲድ ጠጋኙ፣ ቴሌግራፈኛው፣ ትኬት ቆራጩ፣ ሻንጣ ተሸካሚው ሁሉ ወንድ ነው። «ሥራ ያዘ» የሚለው አነጋገር በዚያ ጊዜ ሥር የሰደደ ይመስለናል። ሥራ ያዘ ማለት ደመወዝ የሚከፍለው አለቃ አገኘ ማለት ነው።

ታዲያ በዚያው ጣቢያ ላይ፣ ባቡሩ ፉጨቱን ሲያሰማ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ዳቦ፣ ቆሎና ብርቱካን በሰፌድ ይዘው ወደ መስኮቶቹ የሚሮጡት እነማን ነበሩ? ሴቶች ናቸው። ከጣቢያው ጀርባ እንጀራ ቤቱንና ጠላ ቤቱን የያዙትም እነሱው ናቸው። የባቡር ሠራተኛው ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ከወንዱ ኪስ ወጥቶ በሴቲቱ መቀነት ይቋጠር ነበር። እናታችን ከእነዚያ አንዷ ነበሩ። ሰው ስለ አባታችን ሲጠየቅ «ሥራ አላቸው» ይላል፤ ስለ እናታችን ሲጠየቅ ግን «ጉልት ይቀመጣሉ» ነበር የሚባለው። እኛን ያስተማረን የጉልቱ ገንዘብ እንደሆነ የገባን ካደግን በኋላ ነው።

የወንጂ ዘመን

በ1943 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ፣ በኢንዶኔዥያ የነበረው ሥራ አልሆንለት ቢል፣ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ወንጂ ላይ አገዳ ተከለ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከስምንት ዓመት በኋላ የሸዋ ፋብሪካ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያም የመተሐራው ተከተሉት። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ናዝሬት ትባል የነበረችው ከተማችን በእነዚህ ሥራዎች ዙሪያ አበጠች።

አገዳ ቆረጣ ጉልበት ይጠይቃል በሚል ሥራው የወንድ ሆነ። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ ብዙ ወጣቶች መጡ። ሚስቶቻቸው በአገር ቤት ቀርተው እንሰቱን ይተክላሉ፣ ይፍቃሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ። ኩባንያው ለአንድ ሰው ደመወዝ ይከፍላል፤ ግን ሰውየው ወንጂ ሊመጣ የቻለው ሚስቲቱ የእሱንም ሥራ ደርባ ስለያዘች ነው። በወረቀት አንድ ሠራተኛ፣ በእውነት ሁለት።

በመተሐራ በኩል ደግሞ የከረዩ አርብቶ አደር በበጋ የሚግጥበትን የአዋሽ ዳር መሬት አጣ። ግጦሽ ሲጠብ ከብት ይቀንሳል፤ ከብት ሲቀንስ ወተትና ቅቤ ይቀንሳል። ስለዚህ አዲሱ ሥራ ለአንዱ ወንድ ደመወዝ ሲሰጥ የሌላይቱን ሴት ገቢ ይዞባት ሄደ ማለት ነው። ይህን በሂሳብ መዝገብ ያሰፈረው ሰው ግን አላየንም።

ሕጉም ከዚሁ ጋር ይሄድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ብሎ ደነገገ። ባል ሠራተኛ መቅጠር የማይችል ከሆነ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ግዴታ ጣለባት። ይህ ሕግ ለአርባ ዓመት ቆይቶ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት እኩል መብት አገኙ። የእኛ የዕድር መዝገብ ግን እስከ ዛሬ በ1952ቱ መንፈስ እንደሚጻፍ ልብ በሉ።

እዚህ ላይ ስለ ዕድር አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት፣ ሠራተኛው ማኅበር ማቋቋም በማይፈቀድለት ጊዜ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰባሰበው በዕድርና በመረዳጃ ስም ነበር። ዕድር የሞተ መቅበሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላ ደጅ የተዘጋበት ሠራተኛ የሚገባበት ቤት ሆኖ አገልግሏል።

አሻራና ፊርማ

በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካውም፣ መሬቱም፣ ትርፍ ቤቱም የመንግሥት ሆነ። እኛ በ1970 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት ድርጅት በጸሐፊነት ስንቀጠር የመጀመሪያ ሥራችን በደመወዝ ቀን ከገንዘብ ያዡ አጠገብ ተቀምጦ የቀለም ማኅተሙን መያዝ ነበር። ማንበብ የማይችል ሠራተኛ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ በስሙ አንጻር ያትማል። የጽዳትና የአረም ሥራ የሚሠሩት ሴቶች በሙሉ ማለት ይቻላል በአሻራ ነበር የሚቀበሉት።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። እናቶች ሕፃን አዝለው በማታ ፊደል ይቆጥሩ ጀመር። ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ የቀለም ማኅተሙ እየደረቀ ሄደ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን ሲጽፉ ሰልፉን ሁሉ አስቁመው ነበር፤ ከኋላ ያሉት ቢጮኹም እሳቸው አራቱን ፊደል ሳይጨርሱ ብዕሩን አልለቀቁም። በዚያ ዘመን ብዙ መፈክር ሰምተናል፤ ከእጃችን የቀረ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ታወጀ። ወጣቱ ወንድ ወደ ጦር ግንባር ሄደ። እርሻውንም፣ ሱቁንም፣ ጋሪውንም ሴቶች ያዙት። ያን ጊዜ «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ያለ ሰው አልነበረም፤ ወንዱ የለማ!

በ1978 ዓ.ም. የዕድራችን ጸሐፊ ሆነን አሮጌውን መዝገብ በአዲስ የገለበጥነው እኛ ነን። ስለዚህ ጥፋቱን በሌላ ላይ አንጥልም። ባለቤታችን በዚያ ጊዜ ወደ ውጭ ለሚላክ ቦለቄ ለቀማ ይሄዱ ነበር። ብዙ የአዳማ እናቶች እንደሚያውቁት፣ ከጧት እስከ ማታ መሬት ተቀምጦ ድንጋዩንና የተበላሸውን ፍሬ መለየት ነው፤ ወገብ ይቆርጣል፣ አቧራው ያስላል። የእኛ የጸሐፊነት ደመወዝ ወሩን አጋምሶ ያልቃል። የዕድሩን የወር መዋጮ የሚከፍሉት እሳቸው ነበሩ። ደረሰኙ ግን በእኛ ስም ይቆረጣል፤ ቆራጩም እኛው። በመዝገቡ ላይ በዚያ በምናምርበት ጽሕፈት በስማቸው አንጻር ያሰፈርነው «የቤት እመቤት» የሚል ነበር። ሲሞሉት ቀላል ቃል ነው።

የቅነሳው ጊዜ

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። ወታደሩ ተበተነ፤ የመንግሥት ድርጅቶችም «ትርፍ ሠራተኛ» ይሉ ጀመር። በምንሠራበት መሥሪያ ቤት የቅነሳውን ዝርዝር በጽሕፈት መኪና የመታነው እኛ ነን። በዝርዝሩ አናት የሰፈሩት የጽዳትና የሻይ ክበብ ሴቶች ነበሩ። «ባል አላቸው፤ ባላቸው ያበላቸዋል» ተባለ። ከእነሱ ውስጥ ባላቸው ከግንባር ያልተመለሰ ብዙዎች ነበሩ፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቀም፤ እኛም ደፍረን አልተናገርንም።

እነዚያ ሴቶች ሥራ ፈትተው ተቀመጡ ማለት አይደለም። እንጀራ ጋግረው ለሆቴል አቀረቡ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ከመቂና ከዝዋይ አምጥተው ቸረቸሩ። ወደ ደቡብ ዝቅ ብንል አርሲ ነገሌን እናገኛለን፤ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት። አረቄውን የሚያወጡት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ በዚያ ጭስና ሙቀት ውስጥ ስንት ልጅ ለዩኒቨርሲቲ አብቅተዋል! ግን ቆጣሪ መጥቶ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ሲላቸው «ምን ሥራ አለኝ» የሚሉ ሞልተዋል። የራስን ሥራ ሥራ አለማለት ከሁሉ የባሰ ነው።

ጽሑፋችን የአንድ አገር ወሬ ብቻ እንዳይሆን፣ ክላውዲያ ጎልዲን የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸውን እናንሣ። የሁለት መቶ ዓመት መዝገብ ቢመረምሩ፣ አሜሪካ ከእርሻ ወደ ፋብሪካ ስትሸጋገር ያገቡ ሴቶች ተሳትፎ ቀንሶ፣ በኋላ የቢሮና የአገልግሎት ሥራ ሲበዛ እንደገና ከፍ ማለቱን አገኙ። አሮጌው መዝገብ የገበሬዋንና የነጋዴዋን ሚስት «ሥራ የላትም» እያለ ያሳስት እንደነበርም አሳዩ። እኛ ይህን ስንሰማ የራሳችን የእጅ ጽሕፈት ነው ትዝ ያለን።

አበባና ስፌት

አሁን ገበያው ሌላ ፊት አዞረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዝዋይ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ ትልልቅ የአበባ እርሻዎች ተከፈቱ። ጽጌረዳ የሚቆርጡትና የሚያስሩት በብዛት ሴቶች ናቸው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ደግሞ የራሳችን የአዳማው ተመረቀ። ስፌቱም ልጃገረዶችን ጠራ። በአያቶቻችን ዘመን ኩባንያ ሲመጣ የሚሰለፈው ወንዱ ነበር፤ ዛሬ በፋብሪካው በር ላይ የሚሰለፉት ሴቶቹ ናቸው።

ምክንያቱ ለሴት አዝኖ ነው ብለን አንታለል። «የሴት እጅ ቀጭን ሥራ ይችላል» ይባላል፤ እሱም ይኖርበታል። ዋናው ግን ርካሽ መሆናቸውና ብዙ አለመከራከራቸው ነው። በ2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የአገራችን የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ በባንግላዴሽ ግን 95 ዶላር እንደነበረ አመልክቷል። በ26 ዶላር የቤት ኪራይ፣ ምግብና ለእናት የሚላክ ገንዘብ አይወጣም፤ አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩት ለዚህ ነው።

ብላትማንና ዴርኮን የሚባሉ ሁለት ምሁራንም በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ወጣቶችን ተከታትለው ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከተቀጠሩት ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። «የዛሬ ልጆች ሥራ አይወዱም» የምንል ሰዎች ይህን ማሰብ አለብን። ደመወዙ ከጉልት ካልበለጠና ጤና ከነሣ፣ መልቀቁ ስንፍና ሳይሆን ሂሳብ ነው።

ደግሞ ሥራው ከሩቅ አገር ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካ ለአፍሪካ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ በር የከፈተችው አጎዋ በሚባለው ሕግ ነው። በጦርነቱ ምክንያት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው ኢትዮጵያ ከዚያ የወጣችው። ያኔ ስንት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች! ሌላዋም ወደ ዐረብ አገር አቀናች።

መልካም ጎኑንም አንካድ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የተጀመረው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ለእነዚህ ልጆችም ይሠራል። በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ የወሊድ ፈቃድ ከ90 ወደ 120 ቀን ከፍ ብሏል። ቦለቄ ለቃሚዎቹ እናቶቻችን ይህን በሕልማቸውም አላዩት። ደመወዝ የያዘች ልጅ በአባቷ ፊት ስትናገር ድምፅዋ እንኳ ይለያል።

ወንዶቹስ?

ወንዱም ሥራው ተለዋውጦበታል። አሮጌው ባቡር ቆሞ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ያን ያህል የጣቢያ ሠራተኛ አይፈልግም። የእኛው የጸሐፊነት ሥራም በኮምፒዩተር ተበላ፤ ከጎናችን የነበሩት ታይፒስቶችም አብረው ጠፉ። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የወደብ ዕቃ በጅቡቲ መንገድ ስለሆነ ከባድ መኪና ብዙ ሾፌርና ረዳት ያዘ፤ ባጃጅም መጣ። ግን ባጃጅ ነጂ ጡረታ የለው፣ የሕመም ፈቃድ የለው። የተቀረው ወጣት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የሚለውን ማስታወቂያ እያነበበ ይበሳጫል።

በአንዳንድ ቤት አባት ሥራ አጥቶ ልጅቱ ቤቱን ትደጉማለች፤ እሱም ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቆጣል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እያልን ያደግን ነንና አይፈረድብንም። ነገር ግን ከሥራ የመጣች ልጅ ማታ ደግሞ ወጥ ሠርታ፣ ልብስ አጥባ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወደ ሰርቪስ ስትሮጥ፣ ሥራ አጡ ወንድሟ ምጣድ ቢጥድ ወንድነቱ ምኑ ይጎድላል? ገበያው ሥራውን ሲያቀያይር ቤቱ ካልተቀያየረ ሸክሙ የሚቀረው በአንዷ ትከሻ ላይ ነው።

መዝገባችን ምን ይሁን?

በ1987 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ከተማችን 127,842 ሰው ነበራት። በ1999 ዓ.ም. 220,212 ደረሰች፤ ከዚህ ውስጥ 111,340 ሴቶች ናቸው። ከግማሽ በላይ የሆኑትን በአንድ ቃል ጠቅልሎ የሚጽፍ መዝገብ ትክክለኛ መዝገብ አይባልም። እንግዲህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ባልና ሚስት ሁለቱም በአባልነት ይጻፉ። ባል ሲሞት ሚስት አባልነቱን እንድታዛውር በኀዘኗ ላይ ማመልከቻ ይዛ መመላለሷ ይቅር።

ሁለተኛ፤ በሥራ ዓምድ ላይ እውነተኛው ሥራ ይጻፍ፤ እንጀራ ጋጋሪ፣ ለቃሚ፣ ቸርቻሪ፣ ሰፊ። ቤቷን የምትይዘውም «የቤት ሥራ» ተብላ ትጻፍ፤ ሥራ ነውና።

ሦስተኛ፤ ክፍል ተከራይተው በጋራ የሚኖሩ ሠራተኞች፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ አንድ ክፍል እንደ አንድ ቤተሰብ ተቆጥሮ መዋጮውን ለአራት ተካፍለው ይመዝገቡ። «ዛሬ አሉ ነገ የሉም፤ በማን ላይ ቅጣት እንጥላለን?» የሚል ክርክር እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተገቢም ነው። ግን የዱሮ አገዳ ቆራጮችና የባቡር ሠራተኞችም አገር ለቀው የመጡ፣ ዛሬ ያሉ ነገ የሌሉ ነበሩ። ዕድርን ያቋቋሙትም ከዘመድ ርቀው ስለነበር ነው።

ባለቤታችን ይህን ጽሑፍ ስናነብላቸው «እኔንስ ምን ብላችሁ ትጽፉኛላችሁ?» ብለው ጠየቁን። አዲሱ መዝገብ ሲከፈት፣ ጉባኤው ከፈቀደ፣ በስማቸው አንጻር «ቦለቄ ለቃሚ፣ በጡረታ» ብለን በገዛ እጃችን እንጽፋለን። ጡረታ እንኳ ማንም አልሰጣቸውም፤ ቢሆንም ይጻፍ።

ፈጣሪ ኀዘንን ከደጃችን ያርቅልን፤ ለመጪውም ዓመት ሁላችንንም በሰላም ያድርሰን።